«ሳንባ ላይ ነገር ታይቷል» ሲባል፦ በአዲስ አበባ ዳር ለሚኖሩ ታማሚዎችና አስታማሚዎች ዝርዝር መመሪያ

ካንሰር ታክመው የጨረሱ ወይም ገና ሕክምና ላይ ያሉ ሰዎች ራጅ ተነስተው «ሳንባ ላይ ነገር ይታያል» ሲባሉ ብዙዎቹ ነገሩ አበቃ ብለው ቤት ይቀመጣሉ። ሌሎች ደግሞ ውጤቱ ተጠቃሎ እስኪታወቅ ለሳሉም ለትንፋሹም ምንም ሳያደርጉ ሳምንታት ይጠብቃሉ። ሁለቱም ታማሚውን ይጎዳሉ። በአንድ ጊዜ መጀመር ያለባቸው ሁለት ሥራዎች አሉ፤ የታየው ነገር ምን እንደሆነ ማስመርመርና ትንፋሽን፣ ሳልንና ሕመምን ከዛሬ ጀምሮ ማስታገስ። ማስታገሻ ሕክምና ሌላው ሁሉ ካለቀ በኋላ የሚሰጥ የስንብት ሕክምና አይደለም። ከምርመራው ጋር እኩል መሄድ አለበት።

የጻፍነው ኮዬ ፈጬ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ የካ አባዶ፣ ቦሌ አራብሳ፣ ቡራዩ፣ ሰበታ፣ ለገጣፎ እና በመሳሰሉት ሰፈሮች ለሚኖሩ ቤተሰቦች ነው። ሆስፒታሉ ሩቅ ነው፤ መብራት ይጠፋል፤ ብዙው ሰው ሊፍት የሌለው ኮንዶሚኒየም ላይ ይኖራል።

የተባለውን በትክክል ያዙ

ከመላ ሰውነት የሚመለሰው ደም ወደ ልብ ይገባና በሳንባ በኩል ያልፋል። ከእብጠቱ ተነጥለው በደም የሚጓዙ የካንሰር ሴሎች በሳንባ ቀጫጭን የደም ሥሮች ውስጥ የሚቀሩት ለዚህ ነው። የጡት፣ የትልቁ አንጀት፣ የኩላሊት፣ የታይሮይድ፣ የአጥንትና የማህፀን በር ካንሰር ወደ ሳንባ ከሚሄዱት ውስጥ ናቸው። ግን ሳንባ ላይ የሚታይ ነጠብጣብ ሁሉ ካንሰር አይደለም። ቲቢ፣ ድሮ የዳነ ቲቢ የተወው ጠባሳ፣ የሳንባ ምች፣ የፈንገስ ኢንፌክሽን፣ ደረት ላይ የተሰጠ ጨረር ያስከተለው ቁስለት፣ ሁሉም በፎቶ ላይ ተመሳስለው ሊታዩ ይችላሉ።

ከሐኪሙ ክፍል ከመውጣታችሁ በፊት እነዚህን ጠይቃችሁ ጻፉ፦ የታዩት ስንት ናቸው? ትልቁ ስንት ሚሊ ሜትር ነው? በአንዱ ሳንባ ብቻ ነው ወይስ በሁለቱም? ሳንባው ዙሪያ ውሃ አለ? ከድሮ ፎቶ ጋር ተነጻጽሯል? የመጨረሻው ጥያቄ ከሁሉም ይበልጣል። ከሁለት ዓመት በፊትም የነበረና ያልተለወጠ ነጠብጣብ ሌላ ታሪክ ነው፤ በሦስት ወር ውስጥ እጥፍ የሆነ ደግሞ ሌላ።

ተዛምቶም ቢገኝ ካንሰሩ ስሙን አይለውጥም። ሳንባ ላይ የተገኘ የጡት ካንሰር የጡት ካንሰር ነው፤ የሚታከመውም በጡት ካንሰር መድኃኒት ነው። ይህ በደንብ መታወቅ አለበት፣ ምክንያቱም ጎረቤትና ዘመድ «የሳንባ ካንሰር ያዛት» ብሎ ያወራና ታማሚዋ ሁለተኛ በሽታ የመጣባት ይመስላታል። ደግሞም ሳንባ ደርሶ ተስፋ የማይቆረጥባቸው ዓይነቶች አሉ። የወንድ ዘር ፍሬ ካንሰርና ከእርግዝና ጋር የሚያያዘው ኮሪዮካርሲኖማ ሳንባ ላይ እያሉም በኬሞ ሊድኑ ይችላሉ። ጥቂት ነጠብጣቦች ብቻ ያሉት የአንጀት ወይም የአጥንት ካንሰር አንዳንዴ በቀዶ ሕክምና ይወጣል። አንዳንድ የታይሮይድ ካንሰር በራዲዮአክቲቭ አዮዲን ይታከማል። ስለዚህ «ሳንባ ገብቷል» የሚለው ቃል ብቻውን የመጨረሻ ፍርድ አይደለም።

ቲቢ መሆኑን ወይም አለመሆኑን ቀድማችሁ አስመርምሩ

በኛ አገር ይህ እርምጃ መዘለል የለበትም። ምርመራው አክታ ብቻ ስለሚፈልግ በአቅራቢያችሁ ጤና ጣቢያ መጀመር ትችላላችሁ። ጂን ኤክስፐርት የተባለው ማሽን እዚያው ባይኖር ናሙናው ወዳለበት ይላካል።

አክታው ሳይሆን ምራቅ ከተሰጠ ምርመራው በሽታውን ሊስተው ይችላል። ጠዋት ከእንቅልፍ እንደተነሱ፣ ምግብ ሳይቀመስ፣ አፍን በውሃ ብቻ ተጉመጥምጦ፣ ሁለት ሦስት ጊዜ በረጅሙ ተንፍሶ ከደረት ስር በማሳል የሚወጣው ወፍራሙ ነው የሚፈለገው። ውጭ ወይም መስኮቱ የተከፈተበት ቦታ ሆናችሁ አውጡ፤ ክዳኑን በደንብ አጥብቁና በዚያው ቀን አድርሱ።

ሁለት ጥንቃቄዎች አሉ። ቲቢ ተገኘ ማለት ካንሰሩ አልተዛመተም ማለት አይደለም፤ ሁለቱ አብረው ይገኛሉ። የቲቢ መድኃኒት ተጀምሮ ነጠብጣቦቹ ካልቀነሱ እንደገና መታየት አለበት። ሪፋምፒሲን ያለበት የቲቢ መድኃኒት ደግሞ ከብዙ መድኃኒቶች ጋር ይጋጫል፤ ታሞክሲፌን (የጡት ካንሰር ኪኒን) ወይም ኬሞ የሚወስድ ሰው የቲቢ መድኃኒት ሲታዘዝለት ለካንሰር (ኦንኮሎጂ) ሐኪሙ ይንገር።

ሲቲ ስካን

ራጅ ከ1 ሴንቲ ሜትር በታች የሆኑትን ብዙ ጊዜ ያልፋቸዋል፤ ስለዚህ የደረት ሲቲ ይታዘዛል። በደም ሥር የሚገባ ቀለም ካለው ቀድሞ የኩላሊት ምርመራ (ክሬአቲኒን) ይጠየቃል። ብዙ ሰው ይህን ሳያሠራ ከሰበታ ወይም ከአባዶ ድረስ ሄዶ ይመለሳል። በአካባቢያችሁ ላብራቶሪ ቀደም ብላችሁ አሠርታችሁ ወረቀቱን ያዙ። ስንት ሰዓት ሳይበላ መቆየት እንዳለበት ማዕከሉን ጠይቁ። የስኳር ታማሚ ሜትፎርሚን የሚወስድ ከሆነ፣ ከዚህ በፊት ቀለሙ አሳክኮት ወይም አሳብጦት ከነበረ፣ እርግዝና ከተጠረጠረም አስቀድማችሁ ተናገሩ።

ጽሑፉን ብቻ ይዛችሁ አትውጡ፤ ምስሉ ያለበትን ሲዲ ጠይቁ። ሐኪሙ የሚያነጻጽረው ምስሉን ነው። የሚቀጥለው ሲቲ ከተቻለ እዚያው ማዕከል ይሠራ፣ የድሮውም ሲዲ ለራዲዮሎጂስቱ ይሰጥ።

ነጠብጣቡ ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ሲሆን ሐኪሙ «ከሦስት ወር በኋላ ይደገም» ሊል ይችላል። ቤተሰብ ይህን ቸልተኝነት አድርጎ ይወስደዋል። አይደለም፤ በጣም ትንሽ ነገር በመርፌ አይያዝም፣ ዕድገቱ ግን ብዙ ይናገራል። ቀጠሮውን ማሳለፍ ነው ቸልተኝነት።

ናሙና (ባዮፕሲ)

ናሙና የሚወሰደው በሲቲ እየታየ በረጅም መርፌ፣ በአፍንጫ ወይም በአፍ በሚገባ ካሜራ (ብሮንኮስኮፒ)፣ ወይም ሳንባው ውሃ ቋጥሮ ከሆነ ከውሃው ነው። ሁልጊዜ አስፈላጊ አይደለም፤ ከካንሰሩ ዓይነትና ከምስሉ ተነስቶ ሐኪሙ ሊያውቀው ይችላል። ግን የመጀመሪያው ሕክምና ካበቃ ዓመታት ካለፉ፣ ወይም የታየው አንድ ነጠብጣብ ብቻ ከሆነ፣ ናሙና ይወሰድ እንደሆነ ጠይቁ። በጡት ካንሰር ላይ ደግሞ መድኃኒት የሚመረጥበት የሆርሞንና የኸር ቱ (HER2) ተቀባይ ውጤት ጡት ላይ የነበረው ሳንባ ላይ ካለው ሊለይ ስለሚችል እንደገና መመርመሩ መድኃኒቱን ሊለውጥ ይችላል።

ከመርፌው በፊት የደም ሴል ቆጠራና የደም መርጋት ምርመራ ይሠራል። አስፒሪን፣ ዋርፋሪን ወይም ሌላ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ይናገር፤ በራሱ ግን አያቁም። ከመርፌው በኋላ የሚፈራው አየር በሳንባና በደረት ግድግዳ መካከል መግባቱ ነው። ስለዚህ ጥቂት ሰዓት እዚያው ተኝቶ ይታያል፣ ራጅም ሊደገም ይችላል። በዚያች ሌሊት ታማሚው ብቻውን ሩቅ ቤት አይደር፤ ቦሌም ይሁን ልደታ፣ ለሆስፒታሉ ቅርብ የሆነ ዘመድ ጋር ይደር። ድንገተኛ የደረት ውጋትና የትንፋሽ ማጠር ከመጣ በዚያው ሰዓት ይመለስ።

ናሙናውን ወደ ላብራቶሪ የሚያደርሰው ብዙ ጊዜ ቤተሰቡ ነው፤ እዚህ ላይ ብዙ ይበላሻል። ሥጋው ፎርማሊን በተባለው እንዳይበሰብስ በሚያደርግ ፈሳሽ ውስጥ መጥለቅ አለበት፤ ፎርማሊኑ የናሙናውን 10 እጥፍ ያህል መሆን አለበት፤ በውሃ ወይም በአልኮል አይተካም። ስምና የተወሰደበት ቦታ በጠርሙሱ አካል ላይ ይጻፍ፣ ክዳኑ ላይ ብቻ ከሆነ ክዳን ይቀያየራል። ከደረት የተቀዳ ውሃ ግን ብዙ ጊዜ ያለ ፎርማሊን፣ ወዲያውኑ በዚያው ቀን ነው የሚደርሰው፤ ከ50 ሚሊ ሊትር ባያንስ ይመረጣል። ካልደረሰ ፍሪጅ ውስጥ ይቀመጥ፣ በረዶ ክፍሉ ውስጥ ግን አይግባ። ውጤት ስትቀበሉ ናሙናው በሰም ተሸፍኖ የሚቀመጥበት ብሎክ የት እንዳለ ጠይቁ። ወደፊት ተጨማሪ ምርመራ ቢያስፈልግ ታማሚው እንደገና አይወጋም።

ወረቀቱን ሁሉ በአንድ የፕላስቲክ ፋይል በቀን ቅደም ተከተል ያዙ፤ ከላይ አንድ ገጽ ላይ የካንሰሩ ዓይነት፣ የተሰጡት ሕክምናዎችና ቀኖቻቸው፣ አሁን የሚወሰዱ መድኃኒቶችና የማይስማማ መድኃኒት ይጻፍ። የእያንዳንዱን ወረቀት ፎቶ ሁለት ሰዎች ስልክ ላይ አስቀምጡ። የማህበረሰብ ጤና መድን ያለው ሰው ከጤና ጣቢያው የሪፈር ወረቀት ሳይዝ ጥቁር አንበሳ ወይም ቅዱስ ጳውሎስ ቢሄድ ከኪሱ ይከፍላል፤ ሪፈሩን ከነቀኑ አረጋግጡ።

ለታማሚው መንገር

ቤተሰብ ሐኪሙን ወደ ጎን ይዞ «ለእሳቸው አይነገር» ይላል። ፍቅር ነው፣ እንረዳዋለን። ውጤቱ ግን ብዙ ጊዜ ይከፋል። ታማሚው የሰውን ፊት አይቶ ይገባዋል፣ ግን የሚያወራለት ያጣል፤ ምን እንደያዘው ሳያውቅ ለኬሞ እንዲፈርም ይደረጋል፤ ርስቱን፣ ልጆቹን፣ ዕርቁን የሚያስተካክልበት ጊዜ ያልፈዋል።

አንድ ቀላል ጥያቄ በቂ ነው፦ «አባዬ፣ ሐኪሙ የሚለውን ሁሉ መስማት ይፈልጋሉ ወይስ ለእኛ ይንገረን?» አንዳንድ ሽማግሌ «ለልጄ ንገሩት» ይላል፤ ይህም መልስ ነው፣ ይከበር። መስማት እፈልጋለሁ ካለ እንደ መርዶ ንጋት ላይ ሰው ሰብስባችሁ አትንገሩ። ቀን ላይ፣ ተቀምጦ፣ ከሐኪሙ ጋር፣ የሚቀርበው አንድ ሰው ባለበት ይነገር። እርግጠኛ ያልሆነውን «ገና እየተመረመረ ነው» በሉ፤ የሚደረግለትንም አብራችሁ ንገሩት። ልጆችም እንደ ዕድሜያቸው ይነገራቸው፤ በሽታው እንደማይተላለፍና በእነሱ ጥፋት እንዳልመጣ መስማት አለባቸው።

ትንፋሽ ሲያጥር ቤት ውስጥ የሚደረግ

ትንፋሽ ማጠር ፍርሃትን ያመጣል፣ ፍርሃቱ ትንፋሹን ያፈጥናል፣ ፈጣን ትንፋሽ ሳንባውን ባዶ ሳያደርግ ሌላ አየር ይጨምራል። የሚከተሉት ይህን ሰንሰለት የሚቆርጡ ናቸው። ሕመሙ ባልጠናበት ሰዓት ይለማመዷቸው፤ በጭንቅ ሰዓት አዲስ ነገር አይማሩም።

አቀማመጥ፦ ወንበር ላይ ተቀምጦ ወደ ፊት ማዘንበል፣ ክርኖችን ጭን ላይ ወይም ሁለት ትራስ የተደረደረበት ጠረጴዛ ላይ ማሳረፍ፣ ትከሻን መልቀቅ። ክንዶቹ ሲደገፉ የደረት ጡንቻዎች ለትንፋሽ ነፃ ይሆናሉ። ሌሊት ከወገብ ጀምሮ በትራስ ከፍ ብሎ በግማሽ መቀመጥ፤ ትራሱ ከጭንቅላት ስር ብቻ ከሆነ አንገቱን ያጎብጠዋል እንጂ ደረቱን አይከፍትም። አንዱ ሳንባ ብቻ ከተጎዳ በየትኛው ጎን መተኛት እንደሚቀል ታማሚው ራሱ ይነግራችኋል።

አወጣጥ፦ በአፍንጫ ቀስ ብሎ «አንድ፣ ሁለት» እያሉ ማስገባት፣ ትኩስ ሻይ እንደሚያበርድ ሰው ከንፈርን ጠበብ አድርጎ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት» እያሉ ማውጣት። ዋናው ማውጣቱ ነው፤ ሲወጣ ሳይገፋ ይሁን። አስታማሚው አጠገቡ ተቀምጦ አብሮ ይተንፍስ። «አይዞህ፣ ተረጋጋ» ብሎ መጮህ አይረዳም።

ማራገቢያ፦ በእጅ የሚያዝ ትንሽ ፋን ወይም የሰሌን ማራገቢያ ከፊት 15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ፣ ነፋሱ ጉንጭና አፍንጫ ላይ እንዲያርፍ፣ ለ5 ደቂቃ ያህል። ፊት ላይ የሚያርፍ ቀዝቃዛ አየር የትንፋሽ ማጠር ስሜትን በእውነት ይቀንሳል። ፋን ከሌለ ቀዝቃዛ እርጥብ ጨርቅ ፊት ላይ ማድረግ ይረዳል። መስኮትም ይከፈት፤ ንፋስ ያማል ብሎ ታማሚን በተዘጋ ክፍል ማፈን ለዚህ ሕመም ተቃራኒ ነው።

ጠያቂ ይመጠን። መጠየቅ ባህላችን ነው፣ ታማሚውንም ያጽናናዋል፤ ግን አንድ ክፍል ውስጥ 10 ሰው ሲቀመጥ አየሩ ይከብዳል፣ ለእያንዳንዱ መልስ መስጠቱም ትንፋሽ ይጨርሳል። ሁለት ሁለት ሆነው ለአጭር ጊዜ ይግቡ፣ ጉንፋን ያለበት በስልክ ይጠይቅ። ይህን ለእድሩ የሚናገር አንድ ሰው መድቡ፣ ታማሚው ራሱ እንዳያፍር።

ሳንባ ዙሪያ ውሃ ሲቋጥር

በጥቂት ቀናት ወይም ሳምንታት እየባሰ የሚሄድ የትንፋሽ ማጠር፣ ጠፍጣፋ መተኛት አለመቻል፣ በአንድ ወገን የከበደ ደረት፣ ብዙ ጊዜ ውሃ ነው። ይህን ማወቅ የሚጠቅመው ቶሎ የሚቀል ነገር ስለሆነ ነው። ውሃው በመርፌ ሲቀዳ ታማሚው ብዙ ጊዜ በዚያው ቀን ይቀለዋል።

በአንድ ጊዜ ብዙ ጊዜ ከ1 እስከ 1.5 ሊትር ያህል በላይ አይወጣም። ቤተሰብ «ለምን ሙሉ በሙሉ አላወጡትም» ይላል፤ ምክንያቱ ተጫኖ የነበረ ሳንባ በድንገት ሲዘረጋ ራሱ ፈሳሽ ሊሞላ ስለሚችል ነው። በመቀዳቱ መካከል ከባድ ሳል ወይም የደረት ጥበት ከመጣ ወዲያው ይናገር። ውሃው በየሳምንቱ ከተመለሰ በየጊዜው ከመወጋት ይልቅ በቱቦ አድርቆ መድኃኒት በመጨመር የሳንባውንና የደረት ግድግዳውን ሽፋኖች ማጣበቅ (ፕሉሮዴሲስ) ይቻል እንደሆነ ጠይቁ።

ሞርፊን

የሚዋጥ ፈሳሽ ሞርፊን ሕመምን ብቻ ሳይሆን በትንሽ መጠን የትንፋሽ ማጠር ስሜትንም ያስታግሳል። በሐኪም የሚታዘዝ፣ በልዩ ማዘዣ ወረቀት ብቻ የሚሰጥና በሁሉም መድኃኒት ቤት የማይገኝ ነው፤ ስለዚህ ሊያልቅ አንድ ሳምንት ሲቀረው ማዘዣውን አድሱ። ብዙዎች ስሙን ሲሰሙ ሞት ይመጣባቸዋል ወይም ሱስ ይፈራሉ። በታዘዘው መጠን ሲወሰድ ሕይወትን አያሳጥርም፤ ለሕመም የሚወስድ ሰው ሱሰኛ መሆኑም ብርቅ ነው።

ከዚህ በፊት ወስዶ የማያውቅ ሰው ብዙ ጊዜ ከ2.5 እስከ 5 ሚሊ ግራም በየ4 ሰዓቱ ይጀምራል፤ ለትንፋሽ ከዝቅተኛው። ኩላሊቱ የደከመና አዛውንት ያነሰ ይታዘዝለታል። በኛ ሰዓት ጠዋት 12፣ ረፋድ 4፣ ከሰዓት 8፣ ማታ 12 እና ምሽት 4 ይሆናል፤ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ እንዳይቀሰቀስ ሐኪሙ የምሽቱን እጥፍ ሊያደርገው ይችላል። ማዘዣው ላይ የተጻፈው ሰዓት በፈረንጅ ነው ወይስ በእኛ መሆኑን ጠይቁ፤ በዚህ መምታታት ብቻ መጠኑ የሚዘበራረቅባቸው አሉ። ጠርሙሱም ላይ በ5 ሚሊ ሊትር ስንት ሚሊ ግራም እንዳለ አንብቡ። ጥንካሬው ከጠርሙስ ጠርሙስ ይለያያል፤ በቡና ማንኪያ ሳይሆን መርፌ በሌለው ሲሪንጅ ለኩ።

ሆድ ድርቀት አብዛኛውን ጊዜ ይመጣል፤ ከመጀመሪያው ቀን ቢሳኮዲል ወይም ሌላ ማለስለሻ አብሮ እንዲታዘዝ ጠይቁ። ማቅለሽለሽና እንቅልፍ ማብዛት በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይመጣና ይቀንሳል። ሲቀሰቀስ የማይነቃ፣ ወይም በደቂቃ ከ8 ጊዜ በታች የሚተነፍስ ከሆነ ቀጣዩን መጠን አትስጡ፣ ሐኪም ጋር ድረሱ። አረቄም ሆነ ሐኪም ያላዘዘው የእንቅልፍ ኪኒን አይጨመር።

ቤት ድረስ እየመጣ የማስታገሻ ክትትል የሚያደርግ አገልግሎት በአዲስ አበባ በሆስፒስ ኢትዮጵያ በኩል አለ፤ ሰፈራችሁ በሚሸፍኑት ክልል ውስጥ መሆኑን ጠይቁ። ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ የካንሰር ሶሳይቲም ለካንሰር ታማሚዎች ድጋፍ ያደርጋል።

ኦክስጅንና መለኪያው

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ላይ ስለሆነች ጣት ላይ የሚደረገው መለኪያ ለጤነኛ ሰውም ቆላ ላይ ከሚነበበው ዝቅ ይላል፤ 93 ወይም 94 ብቻውን አያስደነግጥ። የታማሚውን የተለመደ ቁጥር በደህና ቀን ለክታችሁ ጻፉ፤ ሐኪሙንም «ስንት ሲሆን እንምጣ?» በሉት። ከ90 በታች ወርዶ ከቆየ፣ ወይም ከተለመደው በ3 ወይም በ4 ከወረደ ደውሉ። ጣቱ ይሙቅ፣ የጥፍር ቀለምና ጥቁር ሂና ይልቀቅ፣ አንድ ደቂቃ ያህል ይቆይ። ጥቁር ቆዳ ላይ መለኪያው ከእውነተኛው ከፍ አድርጎ ሊያነብ ስለሚችል ቁጥሩ ጥሩ ሆኖ ሰውየው ከተጨነቀ ሰውየውን እመኑ።

ኦክስጅን የሚጠቅመው ቁጥሩ ዝቅ ላለ ሰው ነው። ቁጥሩ ደህና ሆኖ ትንፋሽ ላጠረው ማራገቢያና ሞርፊን ይሻሉታል፤ በብድር ማሽን ከመግዛታችሁ በፊት ይህን አስመርምሩ። ማሽኑ (ኮንሰንትሬተር) መብራት ሲጠፋ ይቆማል፤ ስለዚህ መጠባበቂያ ሲሊንደር ያስፈልጋል። ስንት ሰዓት እንደሚቆይ ለማወቅ የሲሊንደሩን ሊትር በግፊቱ (ባር) አባዙ፣ በደቂቃ በሚፈሰው ሊትር አካፍሉ፤ የሚመጣው ደቂቃ ነው። 10 ሊትር ሲሊንደር 150 ባር ከሞላ 1,500 ሊትር ነው፤ በደቂቃ 2 ሊትር ከፈሰሰ 750 ደቂቃ፣ ማለትም 12 ሰዓት ተኩል። ባለ 40 ሊትሩ በዚያው ፍሰት 50 ሰዓት ይሄዳል። ፍሰቱን ያለ ሐኪም አትጨምሩ። ሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ ይታሰር፤ ሻማ፣ ከሰል፣ ሲጋራና ዕጣን ባለበት ክፍል አይከፈት፤ አፍንጫ ላይ ቫዝሊን አይቀባ፣ በኦክስጅን ይቀጣጠላል።

ቤቱ፣ ጭሱ፣ ደረጃው

ታማሚው ባለበት ክፍል ከሰል አይቀጣጠል፣ ዕጣን አይጨስ። ቡናው ይፈላ፣ ግን ውጭ ወይም በረንዳ ላይ፤ እንጀራው በእንጨት የሚጋገር ከሆነ ማዕድ ቤቱ ከመኝታው ይራቅ። በክረምት ለሙቀት ከሰል አስገብቶ በር መዝጋት ጤነኛውንም ይገድላል፤ ጣት ላይ ያለው መለኪያ የከሰል መመረዝን አያሳይም፣ ቁጥሩ ጥሩ መስሎ ይቀጥላል። አቧራማ መንገድ ዳር ላሉ ቤቶች በመንገድ በኩል ያለውን መስኮት ዘግቶ በሌላው ወገን መክፈት፣ ወለሉን ከመጥረግ በእርጥብ ጨርቅ መወልወል ይሻላል።

አራተኛ ፎቅ ላይ ያለ ሰው በየደረጃው ማረፊያ ላይ የፕላስቲክ ወንበር ይቀመጥለት። እግር ሲነሳ አየር ማውጣት፣ ሦስት አራት ደረጃ ወጥቶ መቆም፣ እያወሩ አለመውጣት። መውጣት ካቃተው እጀታ ባለው ጠንካራ ወንበር አስቀምጦ ሁለት ሰው፣ አንዱ ከላይ አንዱ ከታች፣ ፊቱን ወደ ታች አዙረው ያውርዱት። የሚቻል ከሆነ ምድር ላይ ካለ ጎረቤት ጋር ለጊዜው ቤት መቀያየር ከሁሉ ይሻላል።

ምግብ፣ ጾም፣ ፀበል

ትንፋሽ ያጠረው ሰው ሙሉ ሰሃን አይጨርስም፤ የሞላ ሆድ ሳንባን ይጫናል። በቀን አምስት ስድስት ጊዜ ትንሽ ትንሽ፦ አጥሚት፣ ገንፎ በቅቤ፣ እንቁላል፣ እርጎ፣ ወፈር ያለ ሽሮ፣ ምስር፣ ኦቾሎኒ። ኬሞ ላይ ያለ ሰው ጥሬ ሥጋና ያልፈላ ወተት አይንካ። በጾም ወቅት ለታማሚ እንደማይገደድ የንስሐ አባት ራሳቸው ይነግሩታል፤ ለሙስሊሙም ሕመም ከረመዳን ጾም የሚያስፈቅድ ነው። ከእነሱ አፍ ቢሰማው ሕሊናው ያርፋል።

ፀበል መጠመቅ የሚፈልግን ሰው አትከልክሉት፤ መድኃኒቱን ግን እየወሰደ ይሂድ። ትንፋሹ ያጠረ ሰው ጠዋት በብርድ ውሃ ከራሱ ቢጠመቅ ሊታፈን ይችላል፤ ጥቂት እንዲረጩት ካህኑን ለምኑ። ኬሞ ላይ ያለ ሰው ፀበሉን አፍልቶ ይጠጣ። ዳማከሴም ይሁን ፌጦ ወይም ከመርካቶ የመጣ ስሙ የማይታወቅ ቅጠል፣ ከኬሞ ጋር ጉበት ሊጎዳ ስለሚችል ለሐኪሙ ሳይደበቅ ይነገር።

ሌሊትም ቢሆን የሚያስነሱ ምልክቶች

ኬሞ ከተወሰደ በኋላ ባሉት ሳምንታት፣ በተለይ ከ7ኛው እስከ 14ኛው ቀን፣ 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ትኩሳት ድንገተኛ ነው፤ ነጭ የደም ሴሉ ዝቅ ባለበት ጊዜ ኢንፌክሽን በሰዓታት ውስጥ ይገድላል። ፓራሲታሞል ሰጥታችሁ እስኪነጋ አትጠብቁ፤ መድኃኒቱ ትኩሳቱን ይደብቀዋል እንጂ ኢንፌክሽኑን አይነካውም። ድንገተኛ ክፍል ስትደርሱ የመጀመሪያው ቃላችሁ «ኬሞ የወሰደው በዚህ ቀን ነው፣ ትኩሳት አለው» ይሁን።

አክታ ላይ ክር የሚያህል ደም ካለ በማግስቱ ለሐኪሙ ይነገር። የቡና ሲኒ ያህል ከሆነ ግን በዚያው ሰዓት ይኬድ፤ የሚደማው ወገን ከታወቀ ያ ጎን ወደ ታች ሆኖ ይተኛ፣ ደህናው ሳንባ እንዳይሞላ። ጥቁር ፎጣ አዘጋጁ፤ ነጭ ላይ ትንሹም ደም ታማሚውን ያስደነግጣል።

ድንገተኛ የትንፋሽ ማጠር በተለይ አንድ እግር ካበጠ፤ የፊትና የአንገት ማበጥ፤ የጀርባ ሕመም ከእግር መዛል ወይም ሽንት ከመከልከል ጋር፤ አዲስ ከባድ ራስ ምታት፣ መንቀጥቀጥ ወይም መቀባዠር፤ ከንፈር መጥቆር፤ እነዚህም አይታደርባቸውም።

የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ የእሳትና ድንገተኛ አደጋ 939 ነው። የሰፈራችሁ ስም ተቀራራቢ ከሆነ ሳይቱን፣ የብሎክ ቁጥሩንና በቅርብ ያለውን ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድ ወይም ትምህርት ቤት ጨምራችሁ ንገሩ፤ አንድ ሰው ዋናው መንገድ ድረስ ወጥቶ ይጠብቅ። አምቡላንስ ከዘገየ መኪና ያለው ጎረቤት አስቀድሞ የተነጋገራችሁበት ይሁን። በመኪና ውስጥ ታማሚው አይጋደም፤ ከፊት ተቀምጦ፣ መስኮቱ ተከፍቶ፣ ትራስ ታቅፎ ይሂድ። ፋይሉ፣ የሚወስዳቸው መድኃኒቶች ከነጠርሙሳቸው፣ መታወቂያና የመድን ካርድ በአንድ ቦርሳ በር አጠገብ ይንጠልጠሉ። ሞርፊን የሚወስድ ከሆነ የመጨረሻውን መጠንና የወሰደበትን ሰዓት ተረኛው ሐኪም ሳይጠይቅ ንገሩት።